ከኮዱ ስር ምን አለ? ፕሮግራመሮች ስለ ኮምፒውተር አሠራር ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ፣ ወይም ለዓመታት ስትጽፉ ቆይታችሁ ከስር ምን እንደሚካሄድ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ ሰው ላላገኛችሁ የተዘጋጀ ነው። በቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ አይደለም። የሚያስቸግራችሁን ጥያቄ ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

እኔ ዌብሳይትና አፕ ነው የምሠራው። ፕሮሰሰር ውስጥ የሚሆነው ነገር ምን አገባኝ?

ሁሉም ነገር ሰላም በሆነ ቀን ምንም አያገባችሁም። ፍሬምወርኩ ይሠራል፣ ላይብረሪው ይሠራል፣ ደንበኛው ይከፍላል። ጣጣው የሚመጣው የሆነ ነገር ሲበላሽ ነው። ሂሳቡ በአንድ ብር ይጎድላል። የተጠቃሚው ስም ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። ሰርቨሩ ሌሊት ላይ ዝም ብሎ ይሞታል። ያኔ ኮዳችሁን አሥር ጊዜ ብታነቡት ስህተቱን አታገኙትም፤ ምክንያቱም ኮዱ ሲታይ ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ኮዱ ስለቆመበት መሬት ያላችሁ ግምት ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ እስከ ትራንዚስተር ድረስ መውረድ አይጠበቅባችሁም፣ ግን ከምትሠሩበት ደረጃ ቢያንስ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ያለውን ማወቅ አለባችሁ። ፓይተን የምትጽፉ ከሆነ ፓይተን ቁጥርና ጽሑፍን ሚሞሪ ላይ እንዴት እንደሚያስቀምጥ እወቁ። ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ዳታቤዙ ዲስክ ላይ መቼ እንደሚጽፍ እወቁ። አንድ ደረጃ ከወረዳችሁ በኋላ ቀጣዩ ራሱ ይጠራችኋል።

የጻፍኩትን ኮድ ማሽኑ የሚረዳው እንዴት ነው?

እናንተ የጻፋችሁትን በቀጥታ አይረዳውም። ፕሮሰሰር የሚያውቀው እጅግ ቀላል ትእዛዞችን ብቻ ነው፦ ይህን ቁጥር ከሚሞሪ አምጣ፣ ሁለቱን ደምር፣ ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ወደዚያኛው ትእዛዝ ዝለል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ራሱ ቁጥር ነው። ፎቶም፣ ዘፈንም፣ ደብዳቤም፣ ፕሮግራምም ሚሞሪ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች፣ ናቸው፤ የሚለያቸው አንባቢው ምን ናቸው ብሎ ያነባቸዋል የሚለው ብቻ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ከታች ያለው ብዙው ነገር ከእሷ ነው የሚመጣው።

ሲ የሚባለው ቋንቋ ላይ ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ከመሮጡ በፊት ሙሉውን ወደ ማሽን ትእዛዝ ይቀይረዋል። ፓይተን ኮዳችሁን ባይትኮድ ወደሚባል መካከለኛ ትእዛዝ ይቀይርና፣ በሲ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ያንን ባይትኮድ አንድ በአንድ እያነበበ ይፈጽመዋል። ጃቫና ጃቫስክሪፕት መሀል ላይ ናቸው፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ እያለ ብዙ የተደጋገመውን ክፍል ለይተው ወደ ማሽን ኮድ ይቀይሩታል። አንድ ፈንክሽን መጀመሪያ ተንቀራፎ ቆይቶ ሲፈጥን ያያችሁት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፓይተን ዲስ የሚባል ሞጁል ይዞ ይመጣል፤ የፈንክሽናችሁን ባይትኮድ ይዘረዝርላችኋል። ጂሲሲ የሚባለው የሲ ኮምፓይለርም አሴምብሊውን፣ ማለትም የማሽኑን ትእዛዝ ሰው በሚያነበው መልክ፣ አሳየኝ ስትሉት ያሳያል። አምስት መስመር ያላት ፈንክሽን ጻፉና እዩት። ግማሹ ባይገባችሁም ግድ የለም።

100 ብር ላይ 15 በመቶ ቫት ስጨምር ውጤቱ 114 ብር የሚሆነው ለምንድን ነው?

አሁኑኑ ሞክሩት። ፓይተን ወይም ጃቫስክሪፕት ክፈቱና 1.15ን በ100 አባዙ። የሚመጣው 115 ሳይሆን 114.99999999999999 ነው። ይህን ሳታጠጋጉ ወደ ሙሉ ቁጥር ከቀየራችሁት ከነጥቡ በኋላ ያለው ይቆረጥና 114 ይቀራል። አንድ ብር ጠፋ። በቀን ሺህ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ ላይ አስቡት።

ኮምፒውተር ክፍልፋይ የሚጽፈው በሁለት ቤት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እኛ በአሥር ቤት አንድ ሦስተኛን 0.3333 እያልን ስንጽፍ ማለቂያ እንደማይኖረው፣ በሁለት ቤት ደግሞ 0.1ም ሆነ 1.15 ማለቂያ የላቸውም። ቦታው 64 ቢት (አንድ ቢት 0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ ነው) ብቻ ስለሆነ የሆነ ቦታ ላይ ይቆረጣሉ። አቀማመጡ አይትሪፕልኢ 754 በሚባል ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ተወስኗል፤ ለዚህ ነው ሁሉም ቋንቋ አንድ ዓይነት የተሳሳተ የሚመስል መልስ የሚሰጠው። ፓይተንን አትውቀሱት።

ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 ሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የአሜሪካ ጦር የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሲስተም አንድ የኢራቅ ስከድ ሚሳይል ሳይመታ አለፈውና 28 ወታደሮች ሞቱ። ሲስተሙ ጊዜ የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር፣ 0.1 ደግሞ በ24 ቢት ተቆርጦ ነበር የተቀመጠው። ለ100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ በመቆየቱ ያቺ ጥቃቅን ስህተት ተጠራቅማ 0.34 ሰከንድ ገደማ ደረሰች። በዚያች ቅጽበት ስከድ ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል።

ስለዚህ ገንዘብን በፍሎት፣ ማለትም እንዲህ በሚቆረጠው ባለ ነጥብ ቁጥር፣ አታስቀምጡ። በሳንቲም ቆጥራችሁ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ፣ ወይም ዳታቤዛችሁ ያለውን ዴሲማል ተጠቀሙ። ጃቫስክሪፕት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ተራው ቁጥር ራሱ ፍሎት ስለሆነ ከ9,007,199,254,740,992 በላይ ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ሁሉ በትክክል መለየት አይችልም። 16 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ካላችሁ እንደ ጽሑፍ ያዙት።

አማርኛ ጽሑፍ ለምን ይበላሽብኛል?

ለእኛ ወደ ኮምፒውተር ሆድ ለመግባት ከዚህ የተሻለ በር የለም፣ ስለዚህ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

«ሰላም» ሦስት ፊደል ነው። ሲ ላይ ርዝመቱን ብትጠይቁ ግን 9 ይላችኋል። ፓይተን 3 ነው የሚለው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንደኛው ባይት ነው የሚቆጥረው፣ ሌላኛው ፊደል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። እያንዳንዱ ፊደል ያኔ የራሱ ቁጥር አገኘ። ያ ቁጥር በባይት እንዴት ይጻፍ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት መልስ ዩቲኤፍ-8 ነው፣ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት። በእሱ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይወስዳል፣ የእኛ ፊደል ደግሞ 3። «ሰ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 176 ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ከ«ሀ» ጀምራችሁ የምታውቋቸውን ፊደሎች በሙሉ ብታዩ የመጀመሪያው ባይታቸው 225 ነው።

ይህን ካወቃችሁ የተበላሸ ጽሑፍ እያያችሁ በሽታውን መለየት ትችላላችሁ። ስክሪኑ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ እየተደጋገመች ከመጣች፣ አንባቢው ፕሮግራም ባይቶቹን በድሮው የምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ እያነበባቸው ነው፤ በዚያ አጻጻፍ 225 ማለት ያቺ ፊደል ናትና። ዳታችሁ አልጠፋም፣ አነባበቡን ብቻ አስተካክሉ። ተራ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካያችሁ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዳታው ሲጻፍ የግዕዝ ፊደል ወደማይችል አጻጻፍ ተቀይሯል ማለት ነው፣ የሚመለስ ነገር የለም፣ ባክአፕ ፈልጉ። ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ጽሑፉ ጫፍ ላይ ብቻ ከታየ ደግሞ፣ አንድ ሰው ጽሑፉን በባይት ቆርጦ ከሦስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ጥሏል።

ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ የአማርኛ ፋይሎች ደግሞ ጉዳያቸው ሌላ ነው። ያኔ ፎንቶቹ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደል ስዕል ነበር የሚያስቀምጡት። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ ነገር ይታያል። እንዲህ ያለውን ፋይል በየፎንቱ ሰንጠረዥ ካልቀየራችሁት ማንም ፍለጋ አያገኘውም፣ ብዙ ጠቃሚ ሰነድ እንዲህ ተቀብሮ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ዳታቤዝ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ኦራክል ላይ ካልነገራችሁት በስተቀር የአምዱ ልክ የሚቆጠረው በባይት ነው፤ 30 ብላችሁ የከፈታችሁት የስም አምድ የሚይዘው 10 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ደግሞ በዩቲኤፍ-8 ስም የሚጠራው የድሮው ምርጫ ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ አይፈቅድም። አማርኛና ትግርኛ በዚያ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ ውስጥ የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደሎች ግን እንደ ኢሞጂ 4 ባይት ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚህ ባለ 4 ባይቱን ምርጫ ውሰዱ።

ሌላም አለ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ቁጥራቸው የተለያየ ስለሆነ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። የደንበኛ ስም የሚፈልግ ሲስተም ከሠራችሁ ሀን፣ ሐን፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰን ሠን ወደ አንድ፣ ጸን ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ የፍለጋ አምድ ለብቻው ያዙ። ዋናውን ስም ግን ሰውየው እንደጻፈው ተዉት፤ የሰው ስም ነው።

በአማርኛ የምልከው ኤስኤምኤስ ለምን 70 ፊደል ላይ ይቆረጣል?

አንድ ኤስኤምኤስ የሚሸከመው 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ይገባል። መልእክቱ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባ ግን ሁሉም ፊደል 2 ባይት ወደሚወስድ አጻጻፍ ይቀየራል፣ 140 ለ2 ደግሞ 70 ነው። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍልም ማያያዣ መረጃ ስለሚጨመርበት የሚይዘው 67 ይሆናል። በብዛት መልእክት የምትልኩ ከሆነ 71ኛዋ ፊደል ወጪያችሁን እጥፍ ታደርገዋለች።

ሁለት ሉፖች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ለምን ብዙ እጥፍ ይዘገያል?

ሲ ላይ 10,000 በ10,000 የሆነ የቁጥር ሰንጠረዥ ሥሩ። አንድ ጊዜ ረድፍ በረድፍ ደምሩት፣ ሌላ ጊዜ አምድ በአምድ። የመደመሩ ብዛት ያው 100 ሚሊዮን ነው። ጊዜውን ለኩት። አምድ በአምዱ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ስንት እጥፍ የሚለው እንደ ማሽናችሁ ይለያያል።

ፕሮሰሰሩ 3 ጊጋኸርዝ ከሆነ በአንድ ናኖሰከንድ ሦስት ጊዜ ይመታል። ራም ሄዶ አንድ ነገር ማምጣት ግን ወደ 100 ናኖሰከንድ ይወስዳል፤ ያ ሁሉ ምት በመጠበቅ ያልቃል ማለት ነው። ለዚህ ነው ፕሮሰሰሩ አጠገብ ካሽ የሚባል ትንሽ ግን ፈጣን ሚሞሪ የተቀመጠው፣ የቅርቡ በ1 ናኖሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረችው ግሬስ ሆፐር ናኖሰከንድን ለማስረዳት 30 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች ለአድማጮቿ ታድል ነበር፤ ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ የሚሄደው ያን ያህል ብቻ ነውና። ኮምፒውተር ውስጥ ርቀት ማለት ጊዜ ማለት ነው።

ካሽ ደግሞ አንድ ቁጥር ለብቻው አያመጣም። በአብዛኛው ማሽን ላይ 64 ባይት አንድ ላይ ነው የሚያመጣው፣ ባለ 4 ባይት ቁጥር ከሆነ 16 ናቸው። ረድፍ በረድፍ ስትሄዱ 16ቱንም ትጠቀሙባቸዋላችሁ። አምድ በአምድ ስትሄዱ አንዱን ወስዳችሁ 15ቱን ሳትነኩ ታልፋላችሁ፣ ተመልሳችሁ ስትመጡ ደግሞ ከካሹ ወጥተዋል።

ፓይተን ላይ ሊስት ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሳይሆኑ ቁጥሮቹ ያሉበት አድራሻ ነው፣ እያንዳንዱ 8 ባይት፤ ተራ ሙሉ ቁጥር ደግሞ ራሱ 28 ባይት ይዞ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ነምፓይ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ቁጥሮቹን አጠገብ ላጠገብ ስለሚደረድራቸውና ሉፑንም በማሽን ኮድ ስለሚያስሮጠው ነው ያን ያህል የሚፈጥነው።

ሌላው ነገር ግምት ነው። ፕሮሰሰሩ «ከሆነ» የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው መልሱን አይጠብቅም፣ ገምቶ ይቀጥላል፣ ከተሳሳተ የሠራውን ይጥለዋል። ለዚህ ነው በቅደም ተከተል የተደረደረ ዳታ ላይ ያለ ሉፕ አንዳንዴ ካልተደረደረው የሚፈጥነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ይፋ የሆኑት ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉት የደህንነት ቀዳዳዎችም ከዚሁ ቀድሞ የመሥራት ልማድ የመጡ ናቸው፤ የተጣለው ሥራ ካሹ ውስጥ አሻራ ትቶ ነበር የሚሄደው።

ፕሮግራሞቼ የያዙትን ሚሞሪ ስደምረው ካለኝ ራም ይበልጣል። እንዴት ይሆናል?

ፕሮግራማችሁ የሚያየው አድራሻ እውነተኛው የራም አድራሻ ስላልሆነ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የሆነ ሰፊ የአድራሻ ካርታ ይሰጠዋል። ካርታው ፔጅ በሚባሉ ቁራጮች የተከፈለ ነው፣ ብዙ ማሽን ላይ 4 ኪሎባይት። ሚሞሪ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ የካርታ ቦታ ነው፤ ራሙ የሚመጣው እያንዳንዱን ፔጅ መጀመሪያ ስትነኩ ነው። 8 ጊጋ ባለው ሊኑክስ ላይ ሁለት ፕሮግራሞች 6፣ 6 ጊጋ ጠይቀው ሁለቱም እሺ ሊባሉ ይችላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ማንችስተር ላይ ሥራ የጀመረው አትላስ ኮምፒውተር ነበረው።

ሁለቱም እውነት መጠቀም ሲጀምሩስ? ራሙና ስዋፑ (ራም ሲጠብ የሚያግዘው የዲስክ ቦታ) ካለቁ ሊኑክስ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድለዋል። ሌሊት ያለ ምንም ኤረር የሞተው ሰርቨር ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። የአፕሊኬሽናችሁን ሎግ ማገላበጥ አይጠቅምም፣ ምክንያቱም የተገደለው ለመናገር እድል አላገኘም፤ የከርነሉን፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ሎግ ክፈቱ፣ ማንን ለምን እንደገደለ እዚያ ጽፎታል።

ሰግመንቴሽን ፎልትም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ካርታችሁ ላይ የሌለ ወይም ያልተፈቀደላችሁ አድራሻ ነካችሁ፣ ሃርድዌሩ ያዘው፣ ከርነሉ ፕሮግራሙን አቆመው። ደግ ነገር ነው። ከዚህ የከፋው አድራሻው ስህተት ሆኖ ግን ካርታው ውስጥ ሲገኝ ነው፤ ያኔ ማንም አይይዛችሁም፣ ሌላ ዳታ ላይ ትጽፋላችሁ።

ሴቭ አድርጌዋለሁ። መብራት ሄደና ሲመለስ ፋይሉ ባዶ ነው። ለምን?

ሴቭ ስትሉ ፋይሉ ዲስክ ላይ ስላልደረሰ። ፕሮግራማችሁ «ጻፍ» ሲል ከርነሉ ባይቶቹን ራም ውስጥ ይቀበልና ወዲያው «ጽፌያለሁ» ይላል። ዲስክ ቀርፋፋ ነው፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አንድ ቦታ ፈልጎ ለማግኘት ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከርነሉ አጠራቅሞ ነው የሚጽፈው። ሊኑክስ ላይ በተለመደው አቀማመጥ ዳታው 30 ሰከንድ ያህል ራም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በዚያ መሀል መብራት ከሄደ አለቀ። ፍላሽ ዲስክ ዝም ብላችሁ ስትነቅሉ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መብራት በየጊዜው የሚቆራረጥበት አገር ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ይህን ማወቅ ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የክሊኒክ መዝገብና የሱቅ ሂሳብ ነው የሚጠፋው። መፍትሔው የታወቀ ነው። ዋናውን ፋይል በቀጥታ አትንኩት። አዲሱን በሌላ ስም ጻፉ፣ ኤፍሲንክ የሚባለውን ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያቀርበው ጥያቄ) ጥሩና ዲስክ ላይ እስኪደርስ ጠብቁ፣ ከዚያ ስሙን ወደ ዋናው ስም ቀይሩ፣ ፎልደሩንም ኤፍሲንክ አድርጉ። ስም መቀየሩ ሙሉ በሙሉ ይሆናል ወይ ጨርሶ አይሆንም፤ ስለዚህ መብራት በየትኛውም ሰከንድ ቢሄድ ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ታገኛላችሁ እንጂ ግማሽ አታገኙም።

ወይም ሥራውን ለዳታቤዝ ስጡት። ኤስኪውላይትና ፖስትግሬስ ይህን ለዓመታት ሲያጠሩት ኖረዋል። ፖስትግሬስ ለምሳሌ ለውጡን መጀመሪያ ሎግ ላይ ይጽፋል፣ ሎጉ ዲስክ መድረሱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ነው «ኮሚት ሆኗል» የሚላችሁ። ፍጥነት ለማግኘት ብላችሁ ኤፍሲንክን የሚያጠፋውን ሴቲንግ አትንኩ። ኢንተርኔት ላይ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው።

ሥራውን ለሁለት ትሬድ ስከፍለው ድምሩ ለምን ይሳሳታል?

«ቆጣሪውን በ1 ጨምር» አንድ ትእዛዝ ይመስላል፣ ሦስት ነው፦ አምጣ፣ ጨምር፣ መልስ። ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) እኩል 10ን ያመጣሉ፣ ሁለቱም 11 ያደርጉታል፣ ሁለቱም 11 ይመልሳሉ። ቆጣሪው የትኬት ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ አንዱ ትኬት ሁለት ጊዜ ተሸጠ። ክፋቱ እናንተ ማሽን ላይ ሺህ ጊዜ ተሞክሮ ላይታይ መቻሉ ነው፤ የሚታየው ሰው ሲበዛ ነው። አንዱ እስኪጨርስ ሌላውን የሚያስጠብቅ ሎክ ተጠቀሙ፣ ዳታቤዝ ላይ ከሆነ ትራንዛክሽን። ጊል የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲሮጥ የሚያደርገው የፓይተን ሎክም ለዚህ ዋስትና አይሰጥም፣ ምክንያቱም መጨመሩ ባይትኮድ ላይ ከአንድ በላይ እርምጃ ነው።

ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፣ አውሮፓ ያለው ሰርቨሬ ግን ይዘገያል። ችግሩ የማን ነው?

የብርሃን ነው። ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎሜትር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ቀጥታ ከ5 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ደርሶ መልስ ከ10 ሺህ ይበልጣል፤ ስለዚህ ማንም ምንም ቢያደርግ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም። ገመዱ ደግሞ ቀጥታ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ መጀመሪያ እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ባሕር ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ ነው የባሕር ስር ገመድ የሚይዘው።

አሁን ቁጠሩ። ግንኙነቱን ለመክፈት አንድ ደርሶ መልስ፣ ለምስጠራው ቢያንስ አንድ፣ ለጥያቄውና ለመልሱ አንድ። የመጀመሪያው ባይት ሳይመጣ ሦስት ሆነ። ገጻችሁ አንዱ መልስ እስኪመጣ ጠብቆ ሌላ የሚጠይቅ ከሆነ ይህ ይደራረባል። ትልቅ ፓኬጅ መግዛት አይፈታውም። ጥያቄዎቹን ቀንሱ፣ አንድ ላይ ላኩ፣ የማይለወጠውን ተጠቃሚው አጠገብ አስቀምጡ።

የ2038 ችግር የሚባለው እኛንም ይነካናል?

ይነካናል፣ ቀኑም ጥምቀት ላይ ነው የሚውለው። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉ ሰከንዶች ነው። ያ ቁጥር በ32 ቢት ከተቀመጠ ትልቁ 2,147,483,647 ነው። የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ቀጣዩ ሰከንድ ላይ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆንና ቀኑ ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ይመለሳል፣ ወደ ምኒልክ ዘመን።

እስከዚያ ጊዜ አለ አትበሉ። የ20 ዓመት ብድር የመጨረሻ ክፍያ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ዛሬውኑ ያንን ቀን ያልፋል። ማይኤስኪውኤል ላይ ታይምስታምፕ የሚባለው የአምድ ዓይነት እዚያው ላይ ነው የሚያበቃው፤ ለሩቅ ቀን ዴትታይም ተጠቀሙ።

ኤአይ ኮዱን ይጽፍልኛል። ይህን ሁሉ ማወቅ አሁንም ያስፈልጋል?

ከበፊቱ ይበልጥ። ዋጋን በፍሎት የሚያስቀምጥ፣ ፋይልን ያለ ኤፍሲንክ የሚጽፍ ኮድ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ቴስቱንም ያልፋል። ስህተቱን የሚያየው ከስር ያለውን የሚያውቅ ዓይን ነው። ኮዱ በእናንተ ስም እስከገባ ድረስ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ሲን ተማሩ። ሥራ ለማግኘት አይደለም፤ ባይት፣ አድራሻና ሚሞሪ ሳይሸፈኑ የሚታዩበት ቋንቋ ስለሆነ ነው። ከዚያ ትንንሽ ነገሮችን ሥሩ። መጀመሪያ አንድ ፋይል ባይት በባይት አንብቦ ቁጥሩን የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፉ፣ ስማችሁን በአማርኛ የያዘ ፋይል ስጡትና 225ን ፈልጉ። ቀጥሎ የራሳችሁን ትንሽ ሼል (ትእዛዝ ተቀብሎ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳ ፕሮግራም) ሥሩ፤ ፕሮሰስ፣ ማለትም እየሮጠ ያለ ፕሮግራም፣ እንዴት እንደሚወለድና እንደሚሞት ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም። ከዚያ በሶኬት አንድ ገጽ ብቻ የሚመልስ ሰርቨር። ሒሳብ ብዙ አይጠይቅም፣ በሁለት ቤትና በአሥራ ስድስት ቤት መቁጠር ይበቃል።

አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኤስትሬስን ነው የምመርጠው። ፕሮግራማችሁ ከርነሉን የሚጠይቀውን እያንዳንዱን ነገር ይዘረዝራል፦ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ፣ የትኛውን አጥቶ እንዳለፈ፣ የት ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ። ፓይተን ላይ አንድ ሰላምታ የምታትም መስመር በኤስትሬስ አስሮጡ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ታያላችሁ፣ የእናንተዋ ሰላምታ መጨረሻው አካባቢ ትገኛለች።

ማሽኔ አሮጌ ነው፣ ኢንተርኔቴም ይቆራረጣል። ይሆንልኛል?

ይሆንላችኋል። ለዚህ ትምህርት 2 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕና ሊኑክስ በቂ ናቸው፤ ካሽና ዲስክ የሚያመጡት ልዩነት እንዲያውም ቀርፋፋ ማሽን ላይ በደንብ ይታያል። ጂሲሲ፣ ስህተት መፈለጊያው ጂዲቢና ኤስትሬስ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም። የእያንዳንዱ ሲስተም ኮል ማብራሪያም ማን ፔጅ ሆኖ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል። ሊኑክሱን ስትጭኑ ማን ፔጆቹ አብረው መግባታቸውን ብቻ አረጋግጡ፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ የሚተዋቸው አሉ።